ፒኬ፣ ዳልክ፣ ዲሴክ፣ ዲሜክ፦ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ተረኛ መላሽ «ቀጭን ክር» ናቸው። ኮርኒያ፣ ማለትም ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን፣ የዘወትር ሥራቸው ነው፤ ስለ ስፌት ከተነሣ ደግሞ ማቆሚያ እንደሌላቸው ታውቃላችሁ። ጥያቄያችሁን አሳጥሩ።

ቀጭን ክር፦ እንደምን አመሻችሁ። እንዳንምታታ ስሞቹን አንድ ጊዜ ላስቀምጥ። ፒኬ ኮርኒያውን ከፊት እስከ ኋላ በሙሉ ውፍረቱ ይቀይራል። ዳልክ ስትሮማውን (ወፍራሙን የመሃል ንብርብር) ቀይሮ የታካሚውን ዴሰሜና እንዶቴልየም (ከኋላ ያለውን ስስ ሽፋንና ኮርኒያው እንዳያብጥ የሚጠብቁትን ሴሎች) እንዳሉ ይተዋል። ዲሴክና ዲሜክ የኋላውን ብቻ ይቀይራሉ፤ ዲሴክ ስስ ስትሮማ ተሸክሞ ይገባል፣ ዲሜክ ግን ዴሰሜና እንዶቴልየም ብቻ ስለሆነ ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ማይክሮን ቢሆን ነው። ስለ ታካሚ ስትጠይቁ የታመመው የትኛው ንብርብር እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ ሞራ ወጥቶለት እንደሆነና የዓይን ግፊቱን ጻፉ። እነዚህ ከሌሉ አልመልስም። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ፦ የስቴሮይድ ጠብታ «ዓይኔ ደህና ሆኗል» ተብሎ አይቋረጥም። ዛሬ ሦስቴ አራቴ ስደግመው ትሰማላችሁ።

ሬዚደንት 3፦ ዶክተር፣ በውጤት ከአራቱ የትኛው ይበልጣል?

ቀጭን ክር፦ ለየትኛው በሽታ? ኬራቶኮነስ (ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት በሽታ) ላለበት ልጅ ዲሜክ ብትሠራለት ምንም አልሠራህለትም። እንዶቴልየማቸው ደክሞ ኮርኒያቸው ላበጠ እናት ዳልክ ብትሠራ ደግሞ የታመመውን ትተህ ጤነኛውን ቀየርክ። ቀጥሎ።

መቅደላ፦ ዕድሜው 22፣ ኬራቶኮነስ፣ መሃሉ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስሱ ቦታ 310 ማይክሮን። ሀይድሮፕስ (ዴሰሜው ተቀዶ ኮርኒያው በድንገት ማበጡ) ታይቶበት አያውቅም። ሌንሱ የራሱ ነው፣ ግፊቱ 12፣ ጠንካራ ሌንስ ዓይኑ ላይ አልቆይ ብሏል። ዳልክ ወይስ ፒኬ?

ቀጭን ክር፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ዳልክ።

የልጁ እንዶቴልየም ጤነኛ ነው። ፒኬ ስትሠራለት እሱን ጥለህ የሌላ ሰው ትሰጠዋለህ፤ የሌላ ሰው እንዶቴልየም ደግሞ ቶሎ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገው የኮርኒያ ለጋሾች ጥናት ፒኬ የተሠራላቸው ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ ከተተከለላቸው ሴል ከሦስት አራተኛ በላይ አጥተዋል። ግራፍቱ (የተተከለው ኮርኒያ) 10 ዓመት ሳይደክም የመቆየት ዕድሉ ለጋሹ እስከ 65 ዓመት ሲሆን 77 በመቶ፣ ከ66 እስከ 75 ሲሆን 71 በመቶ ነበር። ለ70 ዓመት ሽማግሌ 10 ዓመት ረጅም ነው። ይህ ልጅ ግን ያኔ ገና 32 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ፒኬ፣ ከዚያም ሦስተኛ ሊያስፈልገው ነው፣ እያንዳንዱም ከፊተኛው የባሰ ዕድል ይዞ ይመጣል። ልክ ነው፣ ያ ጥናት በአብዛኛው በፉክስ (እንዶቴልየሙ እየደከመ የሚሄድበት በሽታ) እና ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባበጡ ኮርኒያዎች ላይ የተደረገ ነው፤ በኬራቶኮነስ ፒኬ ከዚያ የተሻለ ይቆያል። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

በዳልክ የእንዶቴልየም ሪጀክሽን (ሰውነት የተተከለውን ባዕድ ብሎ መዋጋቱ) የሚባል ነገር የለም፤ የራሱ ነዋ። የስትሮማ ሪጀክሽን ሊመጣ ይችላል፣ በጠብታ ይመለሳል። ስቴሮይዱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቀስ እየተባለ ይወጣል፤ ስለዚህ ግላኮማና ሞራ የማምጣት ዕድሉ ያንሳል። ኳስ ዓይኑን ቢመታው ከፒኬ ይልቅ ዳልክ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ላይም ዓይኑ ተከፍቶ የሚቆይበት ደቂቃ የለም።

የማይሰጠውንም ስሙ። አስቲግማቲዝም አይቀንስም፤ ስፌቱ ያው ስፌት ነው። እይታውም ከፒኬ እኩል የሚሆነው እስከ ዴሰሜ ድረስ ከተገፈፈ ብቻ ነው። በእጅ ገፈህ 80 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ስትሮማ ከተውክ፣ ስሊት ላምፕ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ) ላይ ያማረ ኮርኒያ ይኖርሃል፤ ታካሚው ግን ከ6/12 አላልፍ ይልሃል (ሙሉ እይታ 6/6 ነው)።

መቅደላ፦ አመሰግናለሁ ዶክተር። ትልቁ አረፋ (አየር ነፍቶ ዴሰሜውን ከስትሮማው መለየት) ግን እምቢ ይለኛል። ስትሮማው ሁሉ ነጭ ይሆንና አረፋ የለም።

ቀጭን ክር፦ መርፌህ ጥልቅ አልገባም ማለት ነው። አየሩ በስትሮማው ቃጫ መሃል ተበትኗል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ትሬፋይኑ (ክብ መቁረጫው) ላይ ነው። የመሃሉን 310 አይቶ ይፈራና ዳሩን ይጭራል። አንተ ግን የምትቆርጠው መሃሉን አይደለም፤ በ8 ሚሊሜትር ክበብ ላይ ያለውን ውፍረት በኦሲቲ (ንብርብሩን በሚያሳየው ማሽን) ለካና ከዚያ ላይ 70 በመቶ ያህሉን ግባ። ከጎድጓዳው ግርጌ ባለ 27 ጌጅ መርፌ አፉን ወደ ታች አድርገህ፣ ወይም ደነዝ ካኑላ፣ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ወደ መሃል አስገባ። የኮነሱ ጫፍ ላይ አትድረስ። ሲሪንጁን ስትገፋ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። ሲለቅ እጅህ ካላቆመ ትበሳለህ።

አንዋርና ታይክማን ይህን ዘዴ በ2002 ካሳወቁ ወዲህ አረፋው አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል። አንደኛው ከመሃል ጀምሮ የሚሰፋ፣ ዳሩ ነጭ የሆነ፣ 8.5 ሚሊሜትር አካባቢ የሚቆም ነው። የምትፈልገው እሱን ነው። ሁለተኛው ከዳር ይጀምራል፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ እስከ 10.5 ሚሊሜትር ይሰፋል። የዚህኛው ግድግዳ ዴሰሜ ብቻ ስለሆነ እንደ ሳሙና አረፋ ነው። እሱን ካየህ ስለት አታስጠጋው፤ አየሩን ቀስ ብለህ አውጣና በእጅ ግፈፍ።

አረፋው መሠራቱን ከተጠራጠርክ በጎን በኩል ትንሽ አየር ወደ ፊተኛው ክፍል ልቀቅ። ትንሿ አረፋ ወደ ዳር ተገፍታ ከቀረች ትልቁ አረፋ አለ፤ መሃል ላይ መጥታ ከተቀመጠች የለም። ከዚያ ግፊቱን በጎን ቀዳዳ ቀንስ፣ የላይኛውን ስትሮማ አንሣ፣ ቪስኮኤላስቲክ (ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ባጭሩ ቪስኮ) ጠብ አድርግበትና ባለ 15 ዲግሪ ስለት በአንድ ምት ክፈተው። ክፍተቱን በቪስኮ ሞልተህ የቀረውን አራት ቦታ ከፍለህ በደነዝ መቀስ ቁረጥ። የለጋሹን ዴሰሜ በትሪፓን ሰማያዊ ቀልመህ ላጠው። ከመስፋትህ በፊት ቪስኮውን አጥበህ ጨርስ፤ የቀረ እንደሆነ በማግስቱ በግራፍቱና በዴሰሜው መሃል ውሃ ተኝቶ ታገኘዋለህ።

ትንሽ ብትበሳ ሥራህን ቀጥል፤ ግፊቱን አውርደህ መጨረሻ ላይ አየር ሙላ። በሰፊው ከተቀደደ ወደ ፒኬ ዙር። ስለዚህ «ለዳልክ ነው» ብላችሁ እንዶቴልየሙ የደከመ ቲሹ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፤ ለፒኬ የሚሆን መጠባበቂያም ያዙ።

ተግባሬ፦ ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ፒኬ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያልቃል። በዳልክ ሰዓት ሁለት ሰው መሥራት ይቻላል።

ማርዳ፦ ሁለት ሰው ለመሥራት ሁለት ኮርኒያ አለህ? የቸገረው እኮ ቲሹ ነው እንጂ ሰዓት አይደለም። ዳልክ የእንዶቴልየም ቁጥሩ ያነሰ ቲሹን ጥቅም ላይ ያውላል።

ተግባሬ፦ አሁን «አትግቡ» አሉ እኮ።

ማርዳ፦ «ብቻ ይዛችሁ» ነው ያሉት። መልሰህ አንብብ።

ተግባሬ፦ መጠባበቂያው ያው ቲሹ ነው። ካልተጠቀምክበት ያልፍበታል።

ማርዳ፦ አያልፍበትም፣ በማግስቱ ለፒኬ ይገባል።

ቀጭን ክር፦ ማርዳ ልክ ነሽ። በ4 ዲግሪ አካባቢ በኦፕቲሶል (ማቆያ ፈሳሽ) የተቀመጠ ቲሹ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ መጠባበቂያው በማግስቱ ሌላ ሰው ዓይን ላይ ይውላል። ዲሴክ ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት እስከ 7 ቀን የቆየ ቲሹ በ3 ዓመት 95.3 በመቶ፣ ከ8 እስከ 14 ቀን የቆየው 92.1 በመቶ ተሳክቷል። ተግባሬ፣ የሰዓት ስሌትህ የዛሬን ብቻ ያያል። በ2012 በ116 አገሮች በተደረገው ቆጠራ 185,000 ያህል ንቅለ ተከላ ተሠርቷል፤ ለ70 ፈላጊ የደረሰው 1 ኮርኒያ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እየሰበሰበ እንኳ ወረፋው አላለቀም። ዛሬ የቸኮልክበት ፒኬ ነገ ተመልሶ ወረፋ ይይዛል።

የሰባት ቤት፦ ጤና ይስጥልኝ። የዓይን ንቅለ ተከላ ስንት ብር ነው? አጎቴ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል።

ቀጭን ክር፦ ዓይን አይተከልም፤ የሚተከለው ከፊት ያለው መስታወቱ፣ ኮርኒያው ነው። አጎትዎ በግላኮማ ከሆነ ያጡት ኮርኒያ አይመልሰውም። መጀመሪያ በምን እንደጠፋ ይታይ። ዋጋ እዚህ አልናገርም።

የሰባት ቤት፦ ብሌን ይተከላል ሲባል ሰምቼ ነው።

ኦፕቶ ነኝ፦ በሬዲዮም በጋዜጣም «የዓይን ብሌን» የሚሉት ኮርኒያን ነው።

ሳሌም፦ ብሌን ግን ጥቁሩ ቀዳዳ ነው። ኮርኒያ ጥርት ያለው ሽፋን። በዚህ ምክንያት ነው ሰው ሁሉ ዓይኑ ተነቅሎ የሚሰጥ የሚመስለው።

ኦፕቶ ነኝ፦ ሕዝቡ የለመደውን ቃል ማን ይቀይረዋል?

ቀጭን ክር፦ ሳሌም ልክ ነህ፤ ኦፕቶም ልክ ነህ። ወደ ሥራችን።

ኦፕቶ ነኝ፦ እሺ ዶክተር። ፒኬ ከተሠራላት 8 ወር ሆኗታል። 31 ዓመት፣ 16 ነጠላ ስፌት አለ፣ አስቲግማቲዝሙ 6.5 ዳዮፕተር። ያለ መነጽር 6/36፣ በጠባብ ቀዳዳ አሾልቃ ስታይ 6/9። መነጽር ልጻፍላት?

ቀጭን ክር፦ አትጻፍላት። በቀዳዳ 6/9 ማየቷ ግራፍቱ ደህና እንደሆነ ይነግርሃል፤ ጥፋቱ የክሩ ነው። ቶፖግራፊ (የኮርኒያውን ቅርጽ ካርታ) አንሣና ቀዩ የቢራቢሮ ክንፍ የት እንደተዘረጋ እይ። በዚያ መስመር ላይ ያለው ክር ጠብቋል። ቀዶ ሐኪሟ እሱን አንዱን፣ ወይም በተቃራኒው ያለውን ጨምሮ ሁለቱን፣ ያውጣ። ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። በአንድ ቀን አራት ክር አውጥቶ «ተስተካከለ» የሚል ሰው በወሩ አስቲግማቲዝሙ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ያገኘዋል። በፒኬ ጎን ለጎን ያሉ ክሮችን አንድ ላይ ለማውጣት ዓመት ሳይሞላ አትቸኩሉ፤ ቁስሉ በቀላሉ ይከፈታል፤ ኮርኒያ ደም ሥር ስለሌለው ጠባሳው ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር። ክሩ ሁሉ ወጥቶ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ከ4 ዳዮፕተር በላይ ከቀረ ያኔ ስለ ጠንካራ ሌንስ ወይም ስለ ማላሊያ ቁርጥ እናወራለን።

ነገሩን ከሥሩ ለያዘ ሰው ግን ይህ ሁሉ የሚወሰነው ገና ሁለተኛው ስፌት ላይ ነው። የመጀመሪያው 12 ሰዓት ላይ ይገባል። ሁለተኛው 6 ሰዓት ላይ፣ በትክክል ትይዩ መሆን አለበት። ግማሽ ሚሊሜትር ከሳትክ ቲሹው በአንድ በኩል ተርፎ በሌላው ያጥራል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰፋቸው 14 ክሮች ያንን ስህተት ለማስተካከል ብቻ ይደክማሉ። ባለ 10-0 ናይለን፣ ከግራፍቱ ውፍረት 90 በመቶ ጥልቀት። ጥልቀቱ በለጋሹና በታካሚው በኩል እኩል ካልሆነ ከፊት የገጠመ የሚመስለው ቁስል ከኋላ ያፈጠጠ ይሆናል።

የሰባት ቤት፦ 12 ሰዓት ማለት ማታ ነው?

ቀጭን ክር፦ ሰዓቱ ፊት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ 12 ከላይ፣ 6 ከታች። ይህ ጥያቄ ለሐኪሞች ነበር።

ዘመናዊ፦ ዶክተር፣ ዲሴክ ግን እስከ መቼ? የኢንዲያናፖሊስ (አሜሪካ) ሐኪሞች በአንድ ዓይነት ስቴሮይድ ሦስቱን አወዳድረው የሁለት ዓመት ሪጀክሽን በዲሜክ 1 በመቶ፣ በዲሴክ 12፣ በፒኬ 18 ነው ያገኙት። ነገሩ አልቋል።

ሳሌም፦ አላለቀም። ያ የድሮው ወፍራም ዲሴክ ነው። ከ100 ማይክሮን በታች የሆነውን ውሰድ፤ የሆላንዶቹ በዕጣ መድበው ሲያወዳድሩ በአማካይ እይታ ጉልህ ልዩነት አላገኙም።

ዘመናዊ፦ የአሜሪካኖቹ ሙከራም በዕጣ ነበር፤ ዲሜክ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በአንድ መስመር ተኩል በልጧል። በሆላንዱም ቢሆን 6/7.5 የደረሱት በዲሜክ ይበልጡ ነበር።

ሳሌም፦ ግራፍቱ ተላቆ፣ መልሶ የሚያስለጥፈውን አየር ለመጨመር ወደ ቀዶ ክፍል የተመለሱትንስ ቆጠርካቸው?

ዘመናዊ፦ አየር መጨመር ቀዶ ሕክምና አይባልም፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ሳሌም፦ ከጎጃም ለመጣ ሰው አምስት ደቂቃ አይደለም።

ቀጭን ክር፦ ሳሌም የመጨረሻዋን ጥሩ አልክ። ሁለታችሁም የጠቀሳችሁት ልክ ነው፤ ግን ስለ ተለያየ ዓይን ነው የምታወሩት። የፉክስ ታካሚ፣ ፊተኛው ክፍል ጥልቅ፣ ሌንሱ በቦታው፣ ኮርኒያው ገና ያልጠለሸ፦ ዲሜክ፣ ክርክር የለውም። እኛ ዘንድ ግን ፉክስ ብዙ አይደለም። የሚመጣው ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠ ኮርኒያ ነው፤ አይሪሱ የተቀደደ፣ ሌንሱ ከፊት የተቀመጠ፣ ቪትሪየሱ (ከኋላ ያለው ዝልግልግ) የወጣ፣ ወይም የግላኮማ ቱቦ ያለበት። እዚያ ውስጥ ዲሜክ መዘርጋት ማለት ጎርፍ ላይ ወረቀት መዘርጋት ነው። አየሩ ወደ ኋላ ያመልጣል፣ የተጠቀለለው ቲሹ ተከትሎት ይጠፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዓይን ዲሴክ።

የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ ለዲሜክ አየር የተጨመረላቸው በአማካይ 28.8 በመቶ ነበሩ፤ ከጥናት ጥናት ግን ከ1 በመቶ በታች እስከ 76 በመቶ ይለያያል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የእጅ ልምድ ድርሻ አለው። ዲሜክ ለምትጀምሩ፦ የለጋሹ ዕድሜ ከ55 በላይ ይሁን፣ የወጣት ቲሹ እንደ ሲጋራ ይጠቀለላል። የስኳር ሕመምተኛ ለጋሽ ቲሹ ሲላጥ ይቀደዳል፣ ተዉት። ጥቅሉ እንዶቴልየሙ ምንጊዜም ወደ ውጭ ነው፤ የኤስ ምልክት (ፊትና ጀርባውን የሚያሳይ ፊደል) ያልታተመበት ቲሹ ካላችሁ የተገለበጠውን በዓይን መለየት አለባችሁ። ተገልብጦ የተለጠፈ ዲሜክ ኮርኒያውን አያጠራም፤ «ቲሹው መጥፎ ነበር» ተብሎ የሚከሰሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከታች በኩል፣ በስድስት ሰዓት፣ አይሪሱን መብሳት ደግሞ አትርሱ። በሰዓቱ ፊት ስድስት፣ የሰባት ቤት።

ሬዚደንት 3፦ ታዲያ በአጠቃላይ ዲሜክ ይሻላል ማለት ነው?

ቀጭን ክር፦ አሁን የጻፍኩትን አላነበብከውም።

ዱባይ 7፦ ሰላም ዶክተር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። እዚህ ዱባይ የፉክስ ዲሜክ ተሠርቶላት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሞራዋም አብሮ ወጥቷል። ኤስኤፍ6 የሚባል ጋዝ ነው የተጨመረላት። ከነገ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ ቲኬት ይዘናል። ሐኪሟ «አረፋው ካነሰ ችግር የለውም» ብለውናል። አረፋው አሁን ግማሽ ላይ ነው።

ቀጭን ክር፦ ቲኬቱን ዛሬውኑ አራዝሙ። ምክንያቱን በደንብ አንብቡት፤ የሌላ አገር ሐኪም የማያስበው ነገር አለበት። ጋዝ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው። ከዱባይ ተነሥተው ለንደን ቢያርፉ አረፋው ሲወርዱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አዲስ አበባ ግን ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አውሮፕላኑ ያርፋል፣ አረፋው ግን አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። ከባሕር ጠለል እዚህ ሲመጡ ግማሽ የነበረው አረፋ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ አይሪሱን ይገፋል፣ የውሃውን መውጫ ይዘጋል፣ ግፊቱ በአንድ ሌሊት ይወጣል። እናትሽ ዓይኔ ፈነዳ ትላለች፣ ራሷን ያማታል፣ ታስመልሳለች። ዓይኗን ሳይሆን ሆዷን አሟት ይመስላችኋል።

ተራ አየር በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ኤስኤፍ6 አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያ ትንሽ በላይ ይቆያል። አረፋው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ በስሊት ላምፕ ታይቶ ብቻ ትነሣ። ከድሬዳዋ ወይም ከጅቡቲ በመኪና ወደ ላይ ለሚወጣም ያው ነው። እስከዚያ በጀርባዋ ትተኛ። ጠብታዋም እንዳይቋረጥ።

ዱባይ 7፦ እግዜር ይስጥልኝ። አራዝመነዋል።

ጎንደሬው፦ ትራኮማ ያደረሰው ጠባሳ ያለባቸው እናት፣ 58። የቱ ይሻላል?

ቀጭን ክር፦ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል ወይስ ተስተካክሏል? እንባ አላቸው? ኮርኒያው ላይ ደም ሥር ወጥቷል? ከሦስቱ አንዱንም አልጻፍክም።

ጎንደሬው፦ ሁለት ሽፋሽፍት ይነካል። ደም ሥር በሁለት በኩል አለ። እንባ አልተለካም።

ቀጭን ክር፦ እንግዲያው መልሱ የኮርኒያ አይደለም። መጀመሪያ ቆቡ ይሠራ፣ ሽፋሽፍቱ አይንካ፣ እንባው ይለካ። የሚነካ አንድ ፀጉር አዲሱን ግራፍት በሳምንታት ያቆስለዋል፤ የቆሰለው ይመረቅዛል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ዓይኑ ደረቅ ከሆነ ፒኬም ዳልክም አይያዝም። ደም ሥር ያለበት ኮርኒያ ላይ ሪጀክሽን በጣም ይበዛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዶቴልየማቸው ጤነኛ ከሆነ ዳልክ፣ ካልሆነ ፒኬ። ሌላኛው ዓይናቸው የሚያይ ከሆነ አለመንካትም መልስ ነው።

ሐረር፦ ኬራቶኮነስ ላይ ክሮስሊንኪንግ (ኮርኒያን በጠብታና በጨረር ማጠንከር) ከንቅለ ተከላ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ቀጭን ክር፦ ክሮስሊንኪንግ ባለበት ያቆማል፣ የተበላሸውን አይመልስም። ከ400 ማይክሮን በታች ሲሆን በተለመደው አሠራር አይሠራም። ልጁ ዓይኑን ማሸቱን ካልተወ ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

ሬዚደንት 1፦ በሄርፐስ ጠባሳ ላይስ?

ቀጭን ክር፦ ዓይኑ ቢያንስ 6 ወር ጸጥ ይበል። አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት። ከተቻለ ዳልክ።

ዘመናዊ፦ ጃፓኖቹ ሴሉን በመርፌ ያስገቡታል፤ ይህ ሁሉ ሊቀር አይደል?

ቀጭን ክር፦ የኪዮቶው ኪኖሺታ በ2018 የ11 ሰው ውጤት አሳተሙ፤ ከለጋሽ ተወስደው በላቦራቶሪ የተባዙ ሴሎች በመርፌ ይገባሉ፣ ታካሚው ሦስት ሰዓት በግንባሩ ይተኛል። ጃፓን በ2023 ፈቅዳለች። ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት የምትሠራው ታካሚ ግን ቲሹ ነው የሚጠብቀው።

ሲስተር ብ፦ ታካሚዎች ሲደውሉልን የትኛው ሪጀክሽን እንደሆነ በስልክ እንዴት እንለይ? ሁሉም «ዓይኔ ቀላ» ነው የሚሉት።

ቀጭን ክር፦ አትለዩ። አራት ነገር ጠይቂ፦ ቀልቷል? ብርሃን ይፈራል? ከትናንቱ ይልቅ ደብዝዟል? ያማል? አንዱ «አዎ» ከሆነ በዚያው ቀን ይምጡ። የእንዶቴልየም ሪጀክሽን በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣቦች በግራፍቱ ጀርባ ላይ መስመር ሠርተው ከዳር ወደ መሃል ይጓዛሉ፣ መስመሩ ያለፈበት ሴል አይመለስም። መስመሩ ገና ዳር ላይ እያለ ከተያዘ ፕሬድኒሶሎን 1 በመቶ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። በሳምንቱ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ አይድንም።

ከሚመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ጠብታ ያቆሙ ናቸው። «አልቆብኝ»፣ «ደህና ሆኖ»፣ «ጎረቤቴ ዴክሳ (የስቴሮይድ ጠብታ) ዓይን ያጠፋል ብላኝ»። በራስ ፈቃድ ለዓመታት ማንጠብጠብ በእርግጥ ግላኮማ ያመጣል፤ ግፊቱ እየተለካ የሚሰጥ ሌላ ነገር ነው። ፒኬ ያለው ሰው ጠብታው በወራት ቀስ ብሎ ይቀነስለታል፣ ብዙዎቹ በቀን አንዴ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። ጠርሙሱ ከማለቁ ከሳምንት በፊት ሁለተኛውን ይግዙ። ሲያንጠባጥቡም ጠርሙሱ ይነቅነቅ፤ ፕሬድኒሶሎን ከታች ይዘቅጣል፣ ያልነቀነቀ ሰው ውሃ ነው የሚያንጠባጥበው።

ሬዚደንት 3፦ ዶክተር የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይሻላል የሚባለው...

ቀጭን ክር፦ አይሆንም።

ሲስተር ብ፦ አንድ ልጨምር። አሁን የደወለ ታካሚ አለ፤ ፒኬ ከተሠራለት 10 ወሩ። ቀይ አይደለም፣ አያምም። ብቻ «የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል» ይላል። ቀጠሮው ከ12 ቀን በኋላ ነው።

ቀጭን ክር፦ ክር ላልቷል። ዛሬ ይምጣ። የላላ ክር ሙከስ ይሰበስባል፣ ተሕዋስ ያሳድራል፣ ደም ሥር ይጠራል፤ በ12 ቀን ውስጥ ነጭ ቁስል ይዞ ይመጣል። ፖቪዶን አዮዲን 5 በመቶ አንጠባጥባችሁ ጠብቁ። ክሩን ከቋጠሮው ራቅ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ በጥሱና በቋጠሮው በኩል ሳቡ፤ ቋጠሮው የቁስሉን መስመር አቋርጦ እንዳይወጣ፣ ከውጭ የነበረው ክርም በተቻለ መጠን በኮርኒያው ውስጥ እንዳይጎተት። አንቲባዮቲክ በቀን አራቴ ለአምስት ቀን፣ ስቴሮይዱን ለሁለት ሳምንት ከፍ አድርጉ። ክሩ ያለበትን ሰዓት ካርዱ ላይ ጻፉ።

የሰባት ቤት፦ በፈረንጅ ሰዓት?

ቀጭን ክር፦ በፈረንጅ ሰዓት።